የባልሳ አውሮፕላን ክንፍ ሲገጣጠም የሚፈጸሙ ስህተቶች

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ጠለል ካለው በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት የሚገጣጠመውን የሞዴል አውሮፕላን ኪት (ክፍሎቹ የሚመጡበትን ሳጥን) የነደፈው ሰው ይህን አላሰበልንም። ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም እዚህ 9 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። ስለዚህ በትርፍ ሙጫ የምትጨምሩት ግራም ሁሉ ያስከፍላችኋል። ከክብደት የባሰው ጠላት ግን መጣመም ነው፤ የተጣመመ ክንፍ ጠረጴዛ ላይ ያምራል፣ ጉዱ የሚወጣው አየር ላይ ነው።

ብዙ ሰው ሳጥኑን እንደከፈተ ሙጫ ያነሳል። ባልሳ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ በመጠን እኩል ከሆኑ ሁለት ዘንጎች አንዱ ከሌላው በእጥፍ ሊከብድ ይችላል። እያንዳንዱን ዘንግ አንድ ጫፉን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተጭናችሁ ቀሪውን ወደ ውጭ ልቀቁት። የሚጎብጠውንና ቀጥ ብሎ የሚቀረውን ዓይናችሁ ይለየዋል። ጠንካሮቹና የሚመሳሰሉት ስፓር ለሚባለው ዋና ተሸካሚ ይሁኑ፣ ለግራም ለቀኝም እኩል ተከፋፍለው። ለስላሳዎቹ ወደ ክንፉ ጫፍ ይሂዱ። በሌዘር የተቆረጡትን ሪቦች፣ ማለትም ለክንፉ ቅርጽ የሚሰጡትን ስስ ቁራጮች፣ በጣት ገፍታችሁ አታውጡ፤ የያዛቸውን ቅንጣት በምላጭ ቁረጡና የጠቆረውን ጠርዝ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርጉት። ጥቀርሻ ሙጫ አያስይዝም።

ቀጥሎ ያለው ጥፋት የጠረጴዛው ነው። ክንፍ ከተሠራበት ሰሌዳ የበለጠ ቀጥ አይልም፤ የምግብ ጠረጴዛ ደግሞ አይታመንም። ወፍራም ኮምፔንሳቶ ፈልጉ። የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁሙበትና ዝቅ ብላችሁ ወደ መስኮቱ እዩ፤ ከሥሩ ብርሃን ከሾለከ ሰሌዳው ጎድጉዷል። ስፒል አልገባ ካለ የባትሪ ድንጋዮች እንደ ክብደት ያገለግላሉ። ክንፉ የሚገጣጠምበትን ሥዕል፣ ማለትም ፕላኑን፣ በስስ ላስቲክ መሸፈን አትርሱ፣ አለበለዚያ ክንፉና ወረቀቱ ተጋብተው ይቀራሉ።

ሁለት ግራ ክንፍ መሥራት ቀልድ ይመስላል፣ ግን ያጋጥማል። አንዳንድ ፕላን የሚያሳየው አንዱን ጎን ብቻ ነው። ወረቀቱን የምግብ ዘይት ቀቡትና ገልብጡት፣ መስመሩ በጀርባው ይታያል። ዘይቱ ውድ ነው፤ ደግነቱ አንድ ማንኪያ እንኳ አይፈጅም።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት። በላይኛውና በታችኛው ስፓር መካከል የሚገቡትን ስስ የባልሳ ቁራጮች ብዙዎች እንደ ማስጌጫ ያዩአቸዋል። አውሮፕላኑ ሲበር ላይኛው ዘንግ ይጨመቃል፣ ታችኛው ይሳባል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሠራቸው በመሃል ያለው ቁራጭ ነው። የእንጨቱ ክር ከላይ ወደ ታች መቆም አለበት። በክንፉ ርዝመት ከተጋደመ ቁራጩ ክሩን ተከትሎ ይሰነጠቅና ላይኛው ዘንግ ብቻውን ጎብጦ ይሰበራል። ካላመናችሁ ከትርፍራፊው ሁለት ካሬ ቆርጣችሁ አንዱን ክሩን አቁማችሁ፣ ሌላውን አጋድማችሁ በአውራ ጣት ተጫኗቸው። አጋድሞ መቁረጥ ስለሚፈጥን ብቻ ነው ሰው የሚሳሳተው።

መሃል መጋጠሚያውም ላይ መቆጠብ አያዋጣም። 153 ሜጋዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ እዚህ የተተከለው በከንቱ አይደለም፤ ነፋሱ ድንገት ሲመታ ከሁሉ የሚብሰው ጭነት የሚያርፈው ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። የኮምፔንሳቶ ማጠናከሪያውን ቀስ ብሎ በሚደርቅ የኢፖክሲ ሙጫ አጣብቁት። ሱፐር ግሉ በደንብ ለገጠመ ሪብ ይሁን፤ ክፍተት ይሞላልኛል ብላችሁ አታፍስሱት። የፈሰሰውንም በጥጥ ወይም በነጠላ ጫፍ አትጥረጉ፣ ሱፐር ግሉ ጥጥ ሲነካ ግሎ ጣት ያቃጥላል። በነጩ የእንጨት ኮላ ከሠራችሁ ደግሞ ክንፉ ከሰሌዳው ሳይነሳ ይደር።

የመጨረሻው ስህተት ሽፋኑ ላይ ነው፦ አንዱን ወገን ወጥሮ ጨርሶ ወደ ሌላው መዞር። ክንፉን የሚሸፍነው ስስ የፕላስቲክ ፊልም በካውያ ሲሞቅ ይሰበሰባል፣ ክንፉንም ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ ታቹንም ላዩንም ዙሪያውን ብቻ አጣብቁ፤ ከዚያ ካውያውን ከዝቅተኛ ሙቀት ጀምራችሁ እያፈራረቃችሁ ወጥሩ። ሲያልቅ ከኋላ በኩል በአንድ ዓይን እዩት። የኋላ ጠርዙ ወደ ሁለቱም ጫፎች ሲቃረብ እኩል ጥቂት ሚሊሜትር ቀና ቢል ጥሩ ነው፣ አውሮፕላኑ ሲዘገይ የክንፉ ጫፍ ቀድሞ አይከዳም። በአንዱ ጎን ዝቅ ካለ ግን ለማረፍ ፍጥነት ሲቀንስ በዚያ ጎን ይደፋል። እንዲህ ከሆነ ክንፉን ወደ ተቃራኒው ትንሽ አሳልፋችሁ ጠምዝዛችሁ ያዙት፣ ሌላ ሰው ፊልሙን ላይና ታች ያሙቅላችሁ፣ እስኪቀዘቅዝም አትልቀቁት።