ለማይፈለግ ፀጉርና ለማድያት አስተማማኝ ክሬም እንዴት ይመረጣል?

አገጭ ላይ የሚበቅል ፀጉርንና ጉንጭ ላይ የሚወጣ ማድያትን ብዙ ሰው የማይገናኙ ሁለት ችግሮች አድርጎ ያያቸዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ለአንዱ የተቀባው ክሬም ሌላውን ያመጣል። ቆዳ ያነጣሉ ተብለው ከሚሸጡ ክሬሞች አንዳንዶቹ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉ ኃይለኛ ስቴሮይዶች (የቆዳ መቆጣትን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች) አሉባቸው። እነዚህ ፊት ላይ ሲዘወተሩ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፣ ፀጉርም ያበቅላሉ። ያን ፀጉር ለማንሳት የተቀባው ክሬም ቆዳውን ካቃጠለው ደግሞ የተቃጠለው ቦታ ይጠቁራል። ስለዚህ አዲስ ክሬም ከመግዛትዎ በፊት አሁን የሚቀቡትን ይመርምሩ። ስቴሮይድ ያለበትን ለወራት ሲቀቡ ከቆዩ በድንገት ማቋረጥ ፊትን ሊያቀላና ሊያሳብጥ ስለሚችል እንዴት እንደሚያቋርጡት ከቆዳ ሐኪም ጋር ይመካከሩ።

ቀጥሎ መነሻውን ይለዩ። ፀጉሩ በአጭር ጊዜ ከበዛ፣ የወር አበባ ከተዛባ ወይም ድምፅ ከጎረነነ ችግሩ የሆርሞን ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይቀድማል። ቅርጹ የሚለዋወጥ ወይም የሚደማ ጥቁር ነጥብም በክሬም የሚሞከር አይደለም።

ከዚያ መለያ ጽሑፉን ያንብቡ፤ ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። የይዘት ዝርዝር፣ የአምራች ስምና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሌለውን፣ እንዲሁም በየቤቱ ተቀይጦ በብልቃጥ የሚሸጠውን፣ ማንም ቢያሞግሰው አይግዙ። ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል (የሜርኩሪ ውህድ) የሚል ካዩ መልሰው ያስቀምጡት። ስሙ ባይጻፍም «ወርቅና ብር እንዳይነካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሜርኩሪ ለመኖሩ ምልክት ነው። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ በፎጣና በአልጋ ልብስ በኩልም ክሬሙን ፈጽሞ ያልነኩ ልጆች ዘንድ ይደርሳል። ሃይድሮኪኖን የተባለው ቆዳ የሚያነጣ ንጥረ ነገር ደግሞ ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳን ሰማያዊ ባዘለ ጥቁረት ሊለውጠው ይችላል፤ ይህ ጥቁረት ከማድያቱ ይልቅ ለማስለቀቅ ይከብዳል። አሜሪካ ከ2020 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ያደረገችው በከንቱ አይደለም። «በሰባት ቀን ያነጣል» የሚል ተስፋ ብቻውን ክሬሙን ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

ለማድያት አዜላይክ አሲድ ወይም ናያሲናማይድ ያለበትን ይምረጡ። ለውጡ የሚታየው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሃይድሮኪኖንንና ትሬቲኖይን የተባለውን ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ መድኃኒት ይተዉ፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ አዜላይክ አሲድን መጠቀም ይቻላል። የትኛውም ክሬም ያለ ፀሐይ መከላከያ ብዙም አይረዳም፤ የጸዳው ቦታ በፀሐይ መልሶ ይጠቁራል። የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር (ኤስፒኤፍ) 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን። በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጠይም ቆዳን ስለሚያጠቁር አይረን ኦክሳይድ የተባለው ማቅለሚያ ያለበት፣ ቀለም የተቀላቀለበት ዓይነት ይሻላል። ጥላና ሰፊ ባርኔጣም ይረዳሉ።

ፀጉር የሚያነሱ ክሬሞች አብዛኛውን ጊዜ ታዮግላይኮሌት የተባለውን ንጥረ ነገር ይይዛሉ፤ ፀጉሩን የሚያሟሟው ይኸው ቆዳንም ሊያቃጥል ይችላል። ለእግር የተሠራውን ፊት ላይ አይቀቡ። በመጀመሪያ ጥቂቱን በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ በመመሪያው ልክ አቆይተው ይጠቡትና 24 ሰዓት ይጠብቁ። ካልቀላና ካላቃጠለ ወደ ፊት ይሂዱ፤ ከዓይን አካባቢ፣ ከቁስልና ከብጉር ግን ያርቁት። ሰዓት ይያዙ፤ ፀጉሩ ስላልለቀቀ ብቻ ከተጻፈው ደቂቃ አያሳልፉ። ሲያበቃ ሳይፈትጉ በለብታ ውኃ ይጠቡ፤ የዚያን ቀን አሲድ ወይም ሽቶ ያለበት ነገር እዚያ ቦታ ላይ አይቀቡ። ቆዳዎ ይህን የማይችል ከሆነ ኢፍሎርኒቲን የሚባል በሐኪም የሚታዘዝ ክሬም አለ። ፀጉሩን አያነሳም፤ እድገቱን ያዘገያል፤ ሲያቆሙት ፀጉሩ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

በቀቡበት ጊዜ ማቃጠል ከጀመረ ደቂቃው ይሙላ ብለው አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠቡት። ውኃ ከቋጠረ ወይም በማግስቱ ካልበረደ ክሬሙን ከነማሸጊያው ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።