በ214 ሰዓት ለካዴት ፓይለት ኢንተርቪው መቅረብ

የመጀመሪያውን የካዴት ፓይለት (የጀማሪ አብራሪ) ኢንተርቪው የወደቅኩት በሰዓት ነው። የበረራ ሰዓቴ 214 ብቻ መሆኑን ማለቴ አይደለም፤ የግድግዳውን ሰዓት ነው። ውጭ አገር ያለ አየር መንገድ ነበር። ከጠያቂዎቹ አንዱ "0500 ዙሉ ላይ የወጣ ሜታር በአገራችሁ ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ። ዙሉ አብራሪዎች በዓለም ዙሪያ በጋራ የሚጠቀሙበት ሰዓት ነው፤ ሜታር ደግሞ የኤርፖርት የአየር ሁኔታ ዘገባ። በእንግሊዝኛ ፈጠን ብዬ "ሁለት ሰዓት" አልኩት። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነኝ። እሱ የጠበቀው ግን 8 ነበር። ላስረዳ ስል ተንተባተብኩ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ሁሉ አመለጠኝ።

ስለዚህ ከዚህ ጀምሩ። የስልካችሁን ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት። ከሱ ላይ 3 ስትቀንሱ ዙሉ ነው። "ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት" የምትለዋን ለቤተሰብ አቆዩዋት።

ሀዋሳ ተመልሼ ለሁለተኛው አራት ወር ተዘጋጀሁ። ያለፍኩትም በሱ ነው።

መጀመሪያ ሎግቡኬን (የበረራ ሰዓት መዝገቤን) ዘረገፍኩት። የእያንዳንዱን ገጽ ድምር እንደገና ሠራሁ፤ 1.2 ሰዓት ሁለት ጊዜ ተደምሮ አገኘሁ። ተመስገን፣ ከጠያቂው በፊት እኔ ደረስኩበት። ስህተት ካለ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ አስተካክሉ፤ ነጭ ቀለም እንዳትቀቡ። ደግሞ ብዙ ሺህ ሰዓት ያለው ካፒቴን "ያቺን በረራ ረሳኋት" ቢል ያምርበታል፤ እኛ ግን በዚህች ጥቂት የበረራ ሰዓት ይሄ አያምርብንም። እኔን የጠየቁኝ 0.8 ሰዓት ተብላ ስለተመዘገበች አንዲት በረራ ነው። ብቻዬን ስበር ከፊት ለፊቴ ደመናው ዝቅ እያለ መጣ፤ መንገዴን ሳልጨርስ ዞርኩ። ምን እንዳየሁ፣ መቼ እንደወሰንኩ፣ አሁን ቢሆን ምን ቀደም ብዬ እንደማደርግ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ጀግንነት አልጨመርኩበትም። ለብዙ ደቂቃ የያዙኝ እዚህች በረራ ላይ ነው።

የቴክኒክ ጥያቄውን በሰፈራችሁ ቁጥር አጥኑት። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 5,600 ጫማ ገደማ ናት። መደበኛው አየር ከባሕር ጠለል 15 ዲግሪ ተነስቶ በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ 4 ዲግሪ አካባቢ መሆን ነበረበት። ከሰዓት በኋላ 28 ከገባ 24 ዲግሪ ትርፍ አለ ማለት ነው። በያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ጨምሩ። የአየር ግፊቱ መደበኛ ነው ካልን አውሮፕላኑ 8,500 ጫማ ላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። ዴንሲቲ አልቲቲውድ የሚሉት ይሄው ነው።

ይህን ለጎረቤታችን፣ ጡረታ ለወጡት የፊዚክስ መምህር አስረዳሁ። ጋሼ አውሮፕላን ውስጥ ገብተው አያውቁም።

"እሺ፣ ቢሰማውስ?" አሉኝ።

"ለመነሳት ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል።"

"ለምን?"

"አየሩ ስለሳሳ።"

"ስሚ ልጄ፣ ሸመደድሽው እንጂ አልገባሽም። አየሩ ቢሳሳ ምን ሆነ?"

ሞተሩ የሚያገኘው አየር ያንሳል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ቀላል ነው። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት በእውነተኛው ፍጥነት ይበልጥ መሮጥ አለበት። እዚህ ለመድረስ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። እውነተኞቹ ጠያቂዎችም እንደ ጋሼ "ለምን" እያሉ ይወርዳሉ። የማታውቁት ላይ ስትደርሱ "አላውቅም፣ ግን የሚመስለኝ እንዲህ ነው" በሉና ጮክ ብላችሁ አስቡ። እኔ ሁለት ጊዜ ብያለሁ።

የጭንቅላት ሒሳብ ባጃጅ ውስጥ ነው የለመድኩት። ከ35,000 ወደ 5,000 ጫማ ለመውረድ ልዩነቱ 30 ሺህ ነው፤ 30 በ3 ሲባዛ 90፣ ስለዚህ 90 ኖቲካል ማይል ቀድሞ መጀመር። ለማረፍ ሲወረድ ግራውንድ ስፒድ (ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት) 140 ኖት ከሆነ በ5 ሲባዛ በደቂቃ 700 ጫማ መውረድ። ድምፄን አውጥቼ ነው የምሠራው፤ ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ የምጸልይ ሳይመስለው አልቀረም። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ስጠጣ ደግሞ አባ ኮዳዎቹን እያየሁ ስለ ቪ ዋን፣ ማለትም ለመነሳት ሲሮጥ ማቆም ወይም መነሳት ስለሚለይበት ፍጥነት፣ እለማመዳለሁ። ይሄ የሚያህል ወፍ ሞተር ውስጥ ቢገባ፣ ከቪ ዋን በፊት ማቆም ይቻላል፤ ካለፈ ግን ተነስቶ አየር ላይ ችግሩን መፍታት ነው።

ስለ ኩባንያው አንብቡ፣ ግን አታብዙት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ1946 በዲሲ-3 ወደ ካይሮ መብረር እንደጀመረ፣ በ2012 ደግሞ ከአፍሪካ ቀድሞ ቦይንግ 787 እንደተረከበ ማወቅ ነውር የለውም። አሁን ምን ምን አውሮፕላን እንዳለው አለማወቅ ግን ያሳፍራል።

ኢንተርቪው ላይ ከሌሎች አመልካቾች ጋር ስለሚሠራው የቡድን ሥራ ብዙ አልናገርም፤ ዝም ያለውን ልጅ "አንተስ ምን ትላለህ?" በሉት፣ ሰዓቱንም ተከታተሉ።

ኢንተርቪው አዲስ አበባ ከሆነ ከሀዋሳ አንድ ቀን ቀድማችሁ ውጡ። ሜዲካሉን (የጤና ምስክር ወረቀቱን)፣ ላይሰንሱን፣ ሎግቡኩን የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ከመኪናው ጣሪያ ላይ እንዳይጫን። አዲስ ጫማም ያን ቀን አትጀምሩ፤ እኔ ጀምሬ ቁርጭምጭሚቴ ተልጦ ነው የገባሁት።