የተገለበጠው ፊደል

የ1966ቱን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ፍለጋ ደሴ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የወሎን ድርቅ እንዴት እንደዘገበው ለማየት ነበር። ያለው በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጾቹ በጣም አንሰው በተነሡበት የፊልም ጥቅል ነው።

ፊልሙን ማንበቢያው ላይ ሳስገባው ፊደሉ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ መጣ። «ሀ» እንኳ ብትገለበጥም ያቺው ናት፤ «ረ»ን ግን ማን ይለያት! ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ልወጣ ስል የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጋሼ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ፊልሙን በጀርባው አስገብተሽው ነው» አሉኝ። ጥቅሉን አውጥቼ አዙሬ ስመልሰው ተስተካከለ። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ትልቁ ጣጣ ዓመቱ ሆነ። ሳጥኑ «1966» ይላል፤ ውስጡ ግን የ1958 እና የ1959 ወሬ ነው። ለካ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል! ግማሽ ቀኔን በላብኝ።

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1966 ያለውን 7 ደምሬ ከ1973 ሳጥን አወጣሁ። ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ያለውን ደግሞ 8 ደምሬ ከ1974ቱ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ሳጥን። ገጹን በስልኬ ሳነሳ መብራቱ ስላንጸባረቀ ትንሽ ቀነስኩት፤ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ወጣ።