ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ቅዳሜ ገበያ፦ በዕለት ኑሮ ቅድስናን እንዴት እንጠብቅ?

ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት አገር ትባላለች። በየትኛውም ሰፈር ብትወጡ የምትሳለሙት ደጅ አይጠፋም። ብዙዎቻችን የምንወድቀው ግን ተሳልመን ከተመለስን በኋላ ነው። ሱቅ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ማታ ስልክ ይዘን። ከዚህ በታች ያለው በተዋሕዶ ሥርዓት ለሚኖር፣ ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ መውደቂያችሁን ለዩ። «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው እሆናለሁ» ብሎ መነሳት አያዛልቅም። የሚደጋገምባችሁ የትኛው ነው? መቼ? ከማን ጋር? አንዱ ደመወዝ የወጣ ቀን ፒያሳ ገብቶ ይጠፋል። ሌላዋ እህቷ ስትደውል ሳትቆጣ ስልክ አትዘጋም። አንዱን ብቻ ምረጡና እሱ ላይ ሥሩ። ሁሉንም ባንዴ የጀመረ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይሰለቻል።

ቀጥሎ ጠዋቱን ያዙ። የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት። ለጀማሪ ግን ጠዋትና ማታ ይበቃል። ከአልጋ ሳትወርዱ ስልክ አትንኩ። ፊታችሁን ታጠቡ፣ ወደ ምሥራቅ ቁሙ፣ አማትቡ፣ አባታችን ሆይ በሉ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሱ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት የተከፋፈለ ስለሆነ የአንድ ቀኑ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ኪዳን፣ ማለትም የማለዳውን ጸሎት፣ መድረስ የሚችል ደግሞ ይድረስ።

ረቡዕና ዓርብን ጹሙ፤ ከበዓለ ሃምሳ፣ ማለትም ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በስተቀር፣ እንዲሁም ልደትና ጥምቀት ካልዋሉባቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የሚከብዳችሁ፣ መድኃኒት የምትወስዱ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። በራሳችሁ ፍርድ አታጥብቁ፣ አታላሉም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ወደ ምላስ። ጎረቤት ቡና ጠጡ ተብሎ ሲሰበሰብ አቦሉ ላይ የሚወራው ስለ ጤፍ ዋጋ ነው። ቶናው ላይ የሰው ስም ይነሳል። በረካው እስኪደርስ የዚያች ሴት ትዳር ተፈትሾ አልቋል። ቡናውን መተው አይጠበቅባችሁም፤ ጎረቤት ያስቀይማል፣ እሱም ሌላ ጣጣ ነው። ስሟ እንደተነሳ ስለ እሷ የምታውቁትን አንድ በጎ ነገር ተናገሩ። ወይም «እስኪ እሷን ራሷን እንጠይቃት» በሉ። ወሬው ወዲያው ይቀዘቅዛል። ካልቀዘቀዘ ስኒ ለማጠብ ተነሱ። ደግሞ «ለጸሎት እንዲመቸን ነው» እየተባለ የሚወራ ሐሜት አለ። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚብሰው እሱ ነው፤ የሚያወራው ሰው ኃጢአት መሥራቱ እንኳ አይታወቀውም።

ገበያም እንደዚያው ነው። ዓርብ ቅቤ በአፉ የማይዞር ሰው ቅዳሜ ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ይሸጣል። መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው ይላል። ነጋዴ ከሆናችሁ ሚዛኑን ገዢው በሚያየው በኩል አስቀምጡ፤ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ዜሮ ላይ መሆኑን አሳዩት። የዕቃውን ነውር ሳትጠየቁ ተናገሩ። ተቀጣሪ ከሆናችሁ የመሥሪያ ቤት ሰዓትና ወረቀትም የሰው ገንዘብ ነው። ያለአግባብ የወሰዳችሁትን መልሱ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል፤ እናንተ በልኩም ቢሆን ጀምሩ። ባለቤቱን ማግኘት ካልቻላችሁ ምን እንደምታደርጉ የንስሐ አባታችሁ ይነግሯችኋል።

ስለ ዓይን ብዙ አልልም። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፤ እዚያ ቆሞ ስልኩ ላይ ክፉ ነገር የሚያይ አይኖርም። ፈተናው መኝታ ቤት ነው። ስለዚህ ስልኩ ሳሎን ይደር። ለማንቂያ ካስፈለጋችሁ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። ዮሴፍ የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ስትይዘው ቆሞ አልተከራከረም፤ ልብሱን ትቶ ሸሸ።

የተጣላችሁት ሰው ካለ ከቁርባን በፊት ታረቁ። ሰውየው እምቢ ካለ ሽማግሌ ላኩ፤ ሽማግሌ አገራችን ውስጥ አልጠፋም። ከዚያ ለኑዛዜ ሂዱ። የሠራችሁትን በስሙ ጥሩት። «ያው ሰው ነኝ፣ ብዙ አጥፍቻለሁ» ማለት ኑዛዜ አይደለም። «ባሌ አናዶኝ ነው» ብላችሁም የሌላውን ኃጢአት አትናዘዙለት። የተሰጣችሁን ቀኖና፣ ስግደትም ይሁን ጾም ወይም ምጽዋት፣ ሳታጎድሉ ፈጽሙ።

ለቁርባን ቢያንስ 18 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የምትቆርቡ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ምግብም ውኃም የለም። ባለትዳሮች የሚታቀቡበትን ቀን አስቀድመው ይነጋገሩ። ከቆረባችሁ በኋላ ጸበል ጠጡ፣ የዚያን ቀን ግርግር ካለበት ራቁ።

መልሳችሁ ብትወድቁስ? ፍልሰታ እስኪገባ አትጠብቁ። በዚያው ሳምንት ለንስሐ አባታችሁ ደውሉና ቀጠሮ ያዙ። በስልክ ቀጠሮውን ብቻ ጨርሱ፤ ሌላውን በአካል ሄዳችሁ ተናገሩ።