ከሐዋሳ ወደ አሜሪካ የሚሄድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፦ የዱዋል ክሬዲት ምዝገባ እዚሁ ሬከርድ ክፍል ይጀምራል

ቪዛ ሲመታ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሻንጣ፣ ወደ በርበሬና ወደ ሽሮ ነው። የ10ኛ ወይም የ11ኛ ክፍሉ ልጅ የትምህርት ማስረጃ ትዝ የሚለው በረራው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንዳንዴም ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከተዘጋ በኋላ ነው። የመጣውም ወረቀት ሳይነበብ ይታሸጋል። ይህ መመሪያ በቤተሰብ ሂደት የመኖሪያ ፈቃድ አግኝተው ከሐዋሳ ለሚሄዱ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ነው። በተማሪ ቪዛ የሚሄድን ልጅ አይመለከትም፤ በዚያ ቪዛ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መማር የሚቻለው ከ12 ወር ለማይበልጥ ጊዜና ሙሉ ወጪውን ከፍሎ ስለሆነ ሕጉ ሌላ ነው።

ዱዋል ክሬዲት የሚባለው ተማሪው ከሁለተኛ ደረጃ ሳይመረቅ የኮሌጅ ኮርስ ሲወስድና ውጤቱ በሁለቱም ቦታ ሲመዘገብለት ነው። እንግሊዝኛ ድርሰት ወይም አልጀብራ አንድ ጊዜ ይማራል፤ ለ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያም ለኮሌጅም ይቆጠርለታል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሚሰጠው፣ ኤፒ ከሚባለው የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ጋር አታምታቱት። ኤፒ ላይ ክሬዲት የሚወሰነው ግንቦት ውስጥ በሚሰጥ አንድ ፈተና ሲሆን ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፤ ብዙ ኮሌጆች ከ3 ጀምሮ ይቀበላሉ። በዱዋል ክሬዲት ግን ሙሉ የትምህርት ወቅቱ የቤት ሥራ፣ ሚድና ፋይናል ተደምሮ የሚወጣው ግሬድ ነው ክሬዲቱ። እኛ አገር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሳይታለፍ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ወላጅ እዚያ ሄዶም «ይህ አለ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ብዙ ልጆች ዕድሉ የሚያመልጣቸው በዚህ ነው።

ሐዋሳ ሳላችሁ

ከበረራው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ ሬከርድ ክፍል ሂዱ። ካርዱ ብቻ አይበቃም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ፎቶ ያለበት፣ በርዕሰ መምህሩ ፊርማና በክብ ማኅተም የጸና ትራንስክሪፕት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እስከተማረበት ክፍል ድረስ አሠሩ። ልጁ ትምህርት ቤት ቀይሮ ከሆነ፣ ለምሳሌ 9ኛን ይርጋለም ተምሮ 10ኛን ሐዋሳ ከሆነ፣ ከሁለቱም ቦታ ያስፈልጋል። ሦስት ቅጂ በታሸገ ፖስታ፣ ማኅተሙ በፖስታው መዝጊያ ላይ አርፎ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ክፍት ሆኖ ለራሳችሁ። የታሸገውን አትክፈቱ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቁም፤ አዲስ አበባ ድረስ ለመመላለስ ከመነሳታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ትምህርት ቤት በኢሜይል ጠይቁ።

ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት ቆማችሁ አንብቡት። ችግር የሚፈጥሩት ነገሮች የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ «9ኛ ክፍል፣ 2016» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የአሜሪካው ካውንስለር (የተማሪውን ኮርስ የሚመድበው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ) የሚያነበው እንደ ፈረንጆቹ 2016 ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር 2009 የተወለደ ልጅ በ7 ዓመቱ 9ኛ ክፍል ተማረ ማለት ይሆናል፤ ፋይሉም «አጠራጣሪ» ተብሎ ይቀመጣል። «2016 የኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ 2023/24 እንደ ጎርጎርዮሳዊው» ተብሎ ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፍ።

ቀጥሎ ስም። ትራንስክሪፕቱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና ፓስፖርቱ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። የአንድ ሰው ስም በሦስት ዓይነት መጻፉ እኛ ዘንድ ምንም አይደለም፤ እዚያ ግን ሦስት ሰው ነው። መለኪያው ፓስፖርቱ ነው፤ ሌላው ሁሉ እሱን ይከተል።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፦ ውጤቱ የሚነበብበት መንገድ። እኛ ጋ 50 ማለፊያ ነው፤ ከ52 ተማሪ መካከል 68 አማካይ ይዞ 5ኛ የሚወጣ ልጅ ጎበዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ በተለመደው ስሌት ከ60 እስከ 69 ያለው «ዲ» ነው። ማብራሪያ ካልተያያዘ ጎበዙ ልጅ ደካማ ሆኖ ይመዘገባል፤ ኮሌጁ በአማካይ ውጤት የሚመርጥ ከሆነም በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ከትራንስክሪፕቱ ጋር በትምህርት ቤቱ ቲተር የተመታ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጠይቁ፦ ማለፊያው 50 መሆኑ፣ ልጁ ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደወጣ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ፣ እያንዳንዱ ትምህርት በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚሰጥና ክፍለ ጊዜው ስንት ደቂቃ እንደሆነ። የመጨረሻው ነጥብ ትርፍ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ባዮሎጂ አንድ ዓመት፣ ኬሚስትሪ ሌላ ዓመት ይሰጣል፤ እኛ ጋ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በየዓመቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የክፍለ ጊዜው ቁጥር ከሌለ ካውንስለሩ ስንት ክሬዲት እንደሚሰጥ ማስላት አይችልም፤ ሲቸግረውም ዝቅ አድርጎ ይሰጣል።

ሒሳብም እንዲሁ ነው። ትራንስክሪፕቱ «ሒሳብ» ብቻ ይላል። እነሱ ዘንድ ሒሳብ አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2 እየተባለ ይከፈላል፤ «ሒሳብ» ብቻ ያየ ካውንስለር ልጁን ከአልጀብራ 1 ያስጀምረዋል፤ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል የሒሳብና የሳይንስ መማሪያ መጻሕፍትን ማውጫ ገጽ በስልክ አንሱና ያዙ። ማውጫው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ራሱ ይናገራል።

በመጨረሻ የክትባት ወረቀት። ለቪዛው የሕክምና ምርመራ ሲደረግ የተሞላውን የክትባት ቅጽ ቅጂ አትጣሉ፤ ትምህርት ቤቱም ኮሌጁም ይጠይቁታል።

ከደረሳችሁ በኋላ

ሐዋሳ ተቀምጦ በኢንተርኔት ለዚህ ፕሮግራም መመዝገብ አይቻልም ወይ የሚል ጥያቄ ብዙ ይነሳል። ነፃው ዕድል የሚሰጠው በአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤት ለተመዘገበ ተማሪ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ መግባት ይቀድማል፤ ለዚያም ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ክትባት፣ ትራንስክሪፕትና በአካባቢው መኖራችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ማስረጃው የቤት ኪራይ ውል ወይም የመብራት ደረሰኝ ሊሆን ይችላል፤ ዘመድ ቤት ካረፋችሁ የዘመዱ ደረሰኝና እናንተን እንዳስጠጋ የሚገልጽ ፊርማ።

ካውንስለር ማለት እኛ ጋ እንደምናውቀው ችግር ሲኖር ብቻ የሚኬድበት ሰው አይደለም። የልጁን ኮርሶች የሚመድበው፣ የዱዋል ክሬዲት ቅጹን የሚፈርመው እሱ ነው፤ ብዙ መቶ ተማሪ ስለሚይዝም ካልጠየቃችሁት አይጠራችሁም። በመጀመሪያው ሳምንት ቀጠሮ ያዙና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከኢትዮጵያ ስንት ክሬዲት ተቀበላችሁ? ለመመረቅ ምን ይቀረዋል? ከየትኛው ኮሌጅ ጋር ነው የምትሠሩት? የተሰጠው ክሬዲት ካነሰ ያን የማውጫ ፎቶና የክፍለ ጊዜ ደብዳቤ አውጡ፤ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ነውር አይደለም። በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ተማሪው የአማርኛ ችሎታውን በፈተና አሳይቶ የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ማግኘት ይችላል። ስፓኒሽ ከዜሮ በመጀመር ፈንታ ያ ሰዓት ለኮሌጅ ኮርስ ነፃ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ኮሌጁ ማመልከቻ። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ፦ ተማሪው እንደ መደበኛ አዲስ ገቢ ያመለክታል፤ ክፍያ ይመጣበታል። በቅጹ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወይም የዱዋል ክሬዲት ተማሪ የሚለውን ምረጡ። የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ፣ ፋፍሳ የሚባለው፣ ለዚህ አይሞላም፤ ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ላለ ልጅ አይሰጥም። ቅጹ በአብዛኛው የተማሪ፣ የወላጅና የካውንስለር ፊርማ ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ምዝገባው እንዳለ ይቆማል፤ የሚጎድለውም ብዙ ጊዜ የወላጅ ነው፣ ወላጅ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ።

ፈተናው

ልጁ ለኮሌጅ ኮርስ ዝግጁ መሆኑን ለማየት ብዙ ኮሌጆች አኩፕሌሰር የሚባል ፈተና ይሰጣሉ። ውጤቱ ከ200 እስከ 300 ነው፤ በየክፍሉ ከ20 እስከ 25 ጥያቄ አለው፤ የሰዓት ገደብ የለውም። ስለዚህ አትቸኩሉ። ቴክሳስ የራሷ ፈተና አላት፤ ውጤቱ ከ910 እስከ 990 ሲሆን ለሒሳብ 950፣ ለእንግሊዝኛ 945 እና ከድርሰቱ 5 ነጥብ ያሳልፋል። ሁለቱም ላይ የራስ ካልኩሌተር አይገባም፤ ለሚፈቀድባቸው ጥያቄዎች ብቻ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። በእጅ መሥራት የለመደ የሐዋሳ ልጅ እዚህ ይጠቀማል። ልጁ ሒሳቡን አልፎ እንግሊዝኛው ቢቀርበት ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙ ቦታ በሒሳብ ኮርስ ጀምሮ እንግሊዝኛውን እያሻሻለ መቀጠል ይቻላል። ሒሳቡ ላይ የሚያስቸግረው ስሌቱ ሳይሆን በዓረፍተ ነገር ተጽፎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። «ቢያንስ»፣ «ቢበዛ»፣ «በመቶኛ ጨመረ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ አባባሎች አስቀድማችሁ አጥኑ፤ አኩፕሌሰርን በሚያዘጋጀው በኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ ነፃ መለማመጃ አለ።

ክፍያና ቀን

እንደየግዛቱ ይለያያል። በሚኒሶታ ፒኤስኢኦ በሚባለው ፕሮግራም ክፍያውም መጽሐፉም ነፃ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሳተፍ ልጅ ግን እስከ ሜይ 30፣ ማለትም ግንቦት 22፣ ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ አለበት። በዋሽንግተን ራኒንግ ስታርት የሚባለው ፕሮግራም ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ የትምህርት ክፍያው ነፃ ሲሆን መጽሐፍ፣ ልዩ ልዩ ክፍያዎችና ትራንስፖርት በተማሪው ላይ ናቸው። በቴክሳስ ፋስት የተባለው ፕሮግራም በሚሳተፉ ኮሌጆች ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ክፍያውን ያነሳል። ኮሌጁ ግቢ ሄዶ ለሚማር ልጅ ቴክሳስ የማጅራት ገትር ክትባት ትጠይቃለች፤ ትምህርት ከመጀመሩ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ትምህርት ቤቱ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚሰጠውን የነፃ ምሳ ቅጽ ሙሉ። «ልጄ ከቤት እንጀራ ይዞ ይሄዳል» ብሎ የሚመልሰው ቤተሰብ ብዙ ነው። ቅጹ ግን ከምሳ በላይ ነው፤ በዋሽንግተን የኮሌጅ ክፍያ ቅነሳም በቴክሳስ የፋስት መብትም የሚታየው በእሱ በኩል ነው።

ምን ያህል፣ ምን ዓይነት ኮርስ

መጀመሪያ አንድ ኮርስ፤ ቢበዛ ሁለት። ልኩ እንዲህ ነው፦ ለአንድ ክሬዲት ከክፍል ውጭ በሳምንት ሁለት ሰዓት ጥናት ይታሰባል። የዋሽንግተን ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ እንግዲህ ከክፍሉ ጋር በሳምንት 15 ሰዓት ይበላል፤ በአንድ ኳርተር፣ ማለትም ከሴሚስተር ባጠረ የትምህርት ወቅት፣ ያልቃል፤ ለሁለተኛ ደረጃውም እንደ ሙሉ አንድ ክሬዲት ይቆጠራል። አጠቃላይ ኮርሶችን ምረጡ፦ የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ኮሌጅ አልጀብራ፣ ሳይኮሎጂ መግቢያ። በቴክሳስ 42 ክሬዲት የሚሆነው የጋራ ኮርስ ዝርዝር በግዛቷ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ይተላለፋል። ከግዛት ውጭ ወይም የግል ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ ያሰበ ልጅ ግን ዩኒቨርሲቲው ክሬዲቱን መቀበሉን ቀድሞ ይጠይቅ።

ኮሌጅ ውስጥ የተገኘ «ኤፍ» አይጠፋም። ልጁ በ16 ዓመቱ ያመጣው ግሬድ በ19 ዓመቱም የገንዘብ ድጋፍ ሲጠይቅ ይታያል። ስለዚህ ሲለበሱ (የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ) በተሰጠ ቀን ከኮርሱ ያለ ምልክት የሚወጣበትን የመጨረሻ ቀን ፈልጉና ስልክ ላይ መዝግቡ፤ በቴክሳስ 16 ሳምንት ለሚፈጅ ሴሚስተር ይህ ቀን 12ኛው የትምህርት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚወጣ ኮርሱን ማቋረጡን የሚያሳይ «ደብልዩ» ይዞ ይወጣል፤ እሱም ቢሆን ከ«ኤፍ» ይሻላል። ዝም ብሎ መቅረት መውጣት አይደለም፤ ቀርቶ ያልፈረመ ልጅ «ኤፍ» ነው የሚያገኘው።

ለወላጅ የሚከብደው ደግሞ ይኸኛው ነው። በሁለተኛ ደረጃ የልጃችሁን ውጤት የማየት መብት አላችሁ። ኮሌጁ ዘንድ ግን ልጁ 16 ዓመት ቢሆነውም መብቱ የራሱ ነው፤ መምህሩ ጋ ደውላችሁ «ልጄ እንዴት ነው?» ብትሉ መልስ ላይሰጧችሁ ይችላሉ። ንቀት አይደለም፣ ሕግ ነው። ልጁ ለወላጅ እንዲነገር የሚፈቅድበትን ቅጽ በምዝገባው ቀን አስፈርሙት፤ ግሬዱ ከተበላሸ በኋላ ለመፈረም እሺ የሚል ልጅ ጥቂት ነው።

12ኛን ሲጨርስ ለዩኒቨርሲቲ የሚላከው ትራንስክሪፕት ሁለት ነው። የሁለተኛ ደረጃው ላይ የኮሌጅ ኮርሶቹ ስለተጻፉ ብቻ ክሬዲቱ አይተላለፍም፤ ኮርሱን የሰጠው ኮሌጅ ራሱ በቀጥታ መላክ አለበት። የመጨረሻው ኮርስ ግሬድ ተመዝግቦ ሳያበቃ አታስልኩ፤ ጎዶሎ ሄዶ ያን ኮርስ ዳግም የሚማር አለ።