የኮንዶሚኒየም ማኅበር የጣለው ቅጣት ሕጋዊ መሆኑን እንዴት ማጣራት ይቻላል?

ጎንደር ውስጥ በጋራ ሕንፃ የሚኖር ሰው ኮሪደር ላይ በርበሬ በማስጣቱ 500 ብር እንዲከፍል የሚያዝ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ ቢያገኝ፣ ከመክፈሉም ሆነ ከኮሚቴው ጋር ከመጋጨቱ በፊት ወረቀቱን በጥሞና ያንብብ። ቀን፣ ማኅተም፣ ፊርማና ተጣሰ የተባለው የደንብ አንቀጽ ተጽፈዋል ወይ?

የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚቋቋመው በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ሲሆን፣ የውስጥ አሠራሩን የሚመራው በመተዳደሪያ ደንቡ ነው። ስለዚህ የደንቡን ሙሉ ቅጂ ከነማሻሻያዎቹ ይጠይቁ፤ ከዚያም በገንዘብ መቅጣትን በግልጽ ይፈቅድ እንደሆነ፣ መጠኑን ወስኖ እንደሆነ፣ ድርጊቱ ከመፈጸሙ በፊት በአባላት ጸድቆ እንደሆነ ያረጋግጡ። በእኔ እምነት ብዙ ቅጣቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ጥቂት የኮሚቴ አባላት አንድ ምሽት የተፈራረሙበት ቃለ ጉባኤ ደንብን ሊተካ አይችልም። የመሰማት ዕድል ሳይሰጥዎት ተወስኖ ከሆነም ይህንኑ መዝግበው ይያዙ።

ቅጣትንና ወርኃዊ መዋጮን ግን አያምታቱ። የጥበቃና የጽዳት ወጪ የሁሉም ባለቤት ግዴታ ስለሆነ፣ በቅጣቱ ተቆጥተው መዋጮውን ቢያቋርጡ ራስዎን ባለዕዳ ያደርጋሉ።

ተቃውሞዎን በሁለት ቅጂ ጽፈው ያስገቡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማና ቀን ያስፍሩልዎ። መክፈል ግድ ከሆነብዎት መብትዎን ጠብቀው እንደከፈሉ በጽሑፍ ገልጸው ደረሰኝ ይቀበሉ። ማኅበሩ በአቋሙ ከጸና፣ ሰነዶቹን ይዘው የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።