ደርቆ የመጣ የዕፅዋት ካልሞዱሊን እንዴት ይሟሟል፣ እንዴትስ ይፈተሻል?

ካልሞዱሊን በዕፅዋት ሕዋስ ውስጥ የካልሲየምን መልእክት የሚቀበል ትንሽ ፕሮቲን ነው። ተክሉን ብርድ ሲመታው ወይም ተባይ ሲያጠቃው በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ ካልሞዱሊንም እስከ 4 የካልሲየም አዮኖች ይዞ ቅርጹን ይቀይርና ሌሎች ፕሮቲኖችን ለሥራ ያነሳሳል። ለምርምር የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ የተክሉን ጂን ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ በማስገባት ይመረታል።

ቱቦውን ከማቀዝቀዣ እንዳወጡ አይክፈቱት። ክዳኑ እንደተዘጋ 20 ደቂቃ ያህል ጠረጴዛ ላይ ይቆይ፤ ቀዝቃዛ ቱቦ ሲከፈት የአየሩ እርጥበት ፕሮቲኑ ላይ ያርፋል። ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ ለአንድ አፍታ ያሽከርክሩት። ደረቁ ፕሮቲን ስስ ሽፋን ሆኖ ክዳኑ ላይ ሊለጠፍ ስለሚችል፣ ቱቦው ባዶ ቢመስልም አይጣሉት።

አሁን ባፈሩን፣ ማለትም የአሲድነት መጠኑ (ፒኤቹ) እንዳይለዋወጥ የሚያደርገውን ማሟሚያ ፈሳሽ፣ ይጨምሩ። አምራቹ የሰጠው መመሪያ ካለ እሱን ይከተሉ፤ ከሌለ ፒኤቹ 7.5 የሆነ፣ 150 ሚሊሞላር ጨው ያለበት ትሪስ የተባለ ባፈር ይበቃል። ቱቦው 100 ማይክሮግራም ከያዘ፣ 200 ማይክሮሊትር ሲጨምሩበት በሚሊሊትር 0.5 ሚሊግራም ይሆናል። የፎስፌት ባፈር ግን ይቅርብዎ፦ በኋላ ካልሲየም ሲጨምሩ ሁለቱ ተዋህደው ነጭ ዝቃጭ ይሠራሉ፤ ፕሮቲኑ የተበላሸ ይመስልዎታል። ቱቦውን በኃይል አይናጡ፣ አረፋ ፕሮቲንን ይጎዳል። 10 ደቂቃ አስቀምጠው በፒፔት ቀስ አድርገው ያመላልሱት።

መጠኑን ሲለኩ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ280 ናኖሜትር ብርሃን የሚደረገው የተለመደ ልኬት በዋናነት የሚመረኮዘው ትሪፕቶፋንና ታይሮሲን በተባሉ አሚኖ አሲዶች ላይ ነው። የዕፅዋት ካልሞዱሊን ትሪፕቶፋን የለውም፣ ታይሮሲኑም ጥቂት ነው። ስለዚህ መሣሪያው ዝቅተኛ ቁጥር ቢያሳይ ፕሮቲኑ የለም ማለት አይደለም፤ የፕሮቲን መጠን በቀለም ለውጥ በሚለካበት በቢሲኤ ዘዴ ይለኩት።

የተሟሟውን በየ20 ማይክሮሊትሩ ከፋፍለው፣ ስሙን፣ መጠኑንና ቀኑን ጽፈው በ-80 ዲግሪ ያስቀምጡ። አንዴ የቀለጠውን ቱቦ መልሰው አያቀዝቅዙ፤ መከፋፈሉ የሚጠቅመው ለዚሁ ነው።

የሟሟ ሁሉ ይሠራል ማለት ስላልሆነ ፈተናው ይቀራል፤ ደግነቱ ካልሞዱሊን ለዚህ ምቹ ነው። እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ናሙናዎች ያዘጋጁ፦ በአንዱ 5 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ፣ በሌላው ካልሲየምን ለቅሞ የሚይዘውን ኢጂቲኤ በተመሳሳይ መጠን ይጨምሩ። 15 በመቶ በሆነ የኤስዲኤስ ጄል (ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ እየሮጡ በመጠናቸው የሚለዩበት ዝልግልግ ሰሌዳ) ላይ ጎን ለጎን ያስሩጧቸው። ሲቀለም፣ ካልሲየም ያለበት ባንድ (በጄሉ ላይ የሚታየው የፕሮቲኑ መስመር) ከጎረቤቱ ዝቅ ብሎ ከታየ ፕሮቲኑ ካልሲየም ይዟል። ሁለቱም 17 ኪሎዳልተን አካባቢ ይገኛሉ፤ ለማጣሪያ የተቀጠለ ጭራ ካለ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ባንዶቹ እኩል ከወረዱ ግን በፕሮቲኑ ላይ ከመፍረድዎ በፊት የናሙናውን ባፈርና የጄሉን ማስሮጫ ባፈር ይመልከቱ፤ እንደ ኢጂቲኤ ካልሲየም የሚለቅመው ኢዲቲኤ ካለባቸው የጨመሩትን ካልሲየም እሱ ወስዶታል።